ሲስተር ያለምዘርፍ ከጉባኤ ሲመለሱ

ስልኩ ሲጠራ የአንዲት ተማሪ ትራንስክሪፕት ኮፒ እያደረግሁ ነበር። ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ከጧት እስከ ማታ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ኮፒ ማድረግ፣ ላሚኔት ማድረግ፣ ማመልከቻ መጻፍ። የደወሉት ጋሽ በላይ ናቸው፤ ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ። ስልኬ ቢኖራቸውም ደውለውልኝ አያውቁም ነበር።

«ሲስተር አረፉ» አሉኝ። «ዛሬ ጧት። ስኳሩ ነው።»

«እሺ» አልኳቸው። ሰው ሞተ ሲባል እሺ ይባላል? እኔ ግን ያልኩት እሺ ነው። ነፍስ ይማር እንኳን አላልኩም።

«ማዶ ሚካኤል፣ እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ነበር። እኔ ልጠይቃቸው ወዲህ ስሻገር ጎደል ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ወንዙ ሞልቷል። ሬሳውን ይዘን ወንዙ ዳር ቁጭ ብለናል፤ ጎደል ካለ ብለን እየጠበቅን ነው። ትመጣለህ?»

«መኪና ልጠይቅ» አልኩና ዘጋሁት። ትራንስክሪፕቱን ጨረስኩ። ልጅቷ ሁለት ነበር ያለችው፣ አራት አድርጌ ሰጠኋት። ከዚያ ሌላ የሆንኩት ነገር የለም። አላለቀስኩም፣ አልተቀመጥኩም፣ ሱቁንም አልዘጋሁም። የሚቀጥለው ሰው መታወቂያውን ዘረጋልኝና ተቀበልኩት።

ሲስተር ያለምዘርፍ የክልል ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ የእኛ ተወካይ። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት በአዋላጅ ነርስነት ነው። ምክር ቤት ሲገቡ «ክብርት» ይባሉ ተብሎ ነበር፤ ለአንድም ሰው አፉ ላይ አልመጣለትም። ሲስተር እንደሆኑ ቀሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ቢቸና ላይ ስሙን በማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ስብሰባ ሲኖር ጥግ ላይ ተቀምጬ የተባለውን እጽፋለሁ፤ በማግስቱ በኮምፒውተር አሳምሬ እተይባለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የማሳመሩን በኩል ጎበዝ ነበርኩ።

ሲጨብጡ መዳፍ አልነበረም የሚይዙት፤ የእጅ አንጓ ነው። ዐይናቸው ደረታቸው ላይ ወዳንጠለጠሏት የነርስ ሰዓት ዝቅ ይላል፣ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ «ደኅና ነህ» ወይም «ቸኩለሃል» ይሉሃል። ሰላም እያሉህ ይሁን ትርታህን እየቆጠሩ አታውቅም። አስተዳዳሪውንም እንደዚያው ነው፣ ቆሎ ሻጯንም እንደዚያው። ምክር ቤት ከገቡ በኋላ ያቺው ሰዓት ለሌላ ነገርም ጠቀመቻቸው፤ ስብሰባ ላይ ንግግር ያበዛ ሰው ካለ ዝም ብለው ሰዓቷን ያነሡና ያዩዋታል። ተናጋሪው አጠር ያደርጋል።

ጉባኤ ባለቀ ቁጥር አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ደንቡ ነው። ከባሕር ዳር ተዘጋጅቶ የተሰጣቸው ወረቀት አለ፤ ይህን ያህል አዋጅ ጸደቀ፣ በጀት ተፈቀደ፣ ሹመት ተሰጠ፣ «ምክር ቤቱ በጥልቀት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ» ምናምን። ወረቀቱን አንብቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ ምሳውን በልቶ የሚሄድ አባል ሞልቷል። ሲስተርም ያነቡታል፤ ግን የመድኃኒት ማዘዣ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። ቶሎ ቶሎ፣ ማሳመሪያውን እየዘለሉ። ሲጨርሱ አጥፈው ወንበራቸው ላይ ያስቀምጡትና ይቀመጡበታል። «ይህ የጉባኤው ነው። አሁን ወደ እናንተው እንምጣ» ይላሉ። ከቦርሳቸው የተማሪ ደብተር ያወጣሉ።

ደብተሩ ውስጥ ባለፈው ዙር ሰው የጠየቀው ሁሉ በስሙ ተጽፏል። ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ይነሣል። ፊት ለፊት መልሱን ይነግሩታል። «ጠይቄያለሁ፤ እሺ ተብሏል።» «ጠይቄያለሁ፤ እምቢ ተብያለሁ።» አንዳንዴም «ያንተን አልጠየቅሁም፤ ረስቼው ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ይላሉ። እንደራሴ ነኝ የሚል ሰው ረሳሁት ሲል የሰማሁት ከእሳቸው ሌላ የለም።

እኛ ደግሞ የለመድነውን ለምደናል። አንድ ጊዜ የአንድ ሠፈር ቧንቧ እንደማይዘረጋ ተናግረው ሳይጨርሱ አዳራሹ አጨበጨበ። ሲስተር እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ምኑ ነው የሚጨበጨበው?» አሉ። «እምቢ ተባልኩ እኮ ነው ያልኳችሁ።»

አንድ ሁለት ሰው እጁን ከጭኑ ሥር ሸጎጠ።

«እናንተን አውቃችኋለሁ» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሻችሁን በዚህ እጄ ተቀብያችኋለሁ። ስትወለዱ ያን ያህል የጮኻችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ምን ነካችሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ ደብተሩ ላይ አጎንብሰው ቀጣዩን ስም ፈለጉ።

ሌላም ትዝ ይለኛል። አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ በዚያ ጉባኤ የጸደቀ አንድ አዋጅ ጠቅሶ፣ «ሲጸድቅ እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል?» አላቸው።

«አውጥቻለሁ።»

«ገብቶዎት ነው?»

«ግማሹ ገብቶኛል። ወረቀቱ የደረሰን በዋዜማው ነው፤ አንብቤ አልጨረስኩትም። አጠገቤ ያለው ሲያወጣ አወጣሁ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት ይጻፋል? «አባሏ በአዋጁ ዙሪያ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጎበዝ ነበርኩ ብዬ የለ።

ጋሽ በላይን ያወቅኋቸው በዚያ ደብተር ነው። የጠየቁት የእግር ድልድይ ነበር። «መኪና ይለፍበት አላልንም» አሉ መጀመሪያ የተነሡ ቀን፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፤ «ሰው ይሻገርበት ነው ያልን።» ከዚያ ለምን እንደሚጠይቁ ተናገሩ። በነሐሴ ሚስታቸው ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። ወሬ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ሲስተር በዚህኛው ዳር የማዋለጃ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል። ወንዙ አላሳልፍ አለ። ከጧት እስከ ቀትር ሲስተር ከወዲህ ይጮኻሉ፣ ከወዲያ አይሰማም። ሲያቅታቸው በእጃቸው ማሳየት ጀመሩ፤ እንዲህ ያዟት፣ እንዲህ አዙሯት እያሉ። ማዶ ያሉት ሴቶች ያዩትን አደረጉ። እናትየዋም ልጁም እዚያው ዳር ላይ ቀሩ።

ጋሽ በላይ ይህን ሲናገሩ ሲስተር ቀና አላሉም፤ ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። እሳቸው ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው። ስብሰባ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ፣ ከአዳራሹ አንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እያዩ፣ «የወንዙ ስፋት እኮ ከዚህ አይበልጥም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም ወንበሬን አነባበርኩ።

ከዚያ ወዲያ በየዙሩ ያው ነበር።

«በላይ።»

«አቤት።»

«ጠይቄያለሁ። በዚህ ዓመት በጀት አልተያዘለትም ተባልኩ።»

«እሺ።»

«እንደገና እጠይቃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን።»

እንግዲህ የእኔ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከየስብሰባው በኋላ ወደ ክልል የምንልከው ሰንጠረዥ ነበር። በግራ የሕዝቡ ጥያቄ ይጻፋል፤ በቀኝ ሁለት ዓምድ አለ፣ «ምላሽ ያገኘ» እና «ምላሽ ያላገኘ»። አንዱ ላይ የራይት ምልክት ታደርጋለህ። ያላገኘው ከበዛ የእኛ ኃላፊ ይጠየቃል፤ ስለዚህ እንዲበዛ አይፈልግም። በእኛ መሥሪያ ቤት ያደገ አንድ ልማድ ነበር፤ አባሏ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ከተናገሩበት፣ እምቢ ተባልኩም ይበሉ፣ ጥያቄው ምላሽ አገኘ ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። «ሰው ፊት ተናግረውበት የለም እንዴ?» ይል ነበር ኃላፊው። እኔም አደርጋለሁ። የጋሽ በላይን ድልድይ መጀመሪያ ምልክት ሳደርግበት እጄ ትንሽ ቆም ማለቱን አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ዙር አልቆመም።

ሰንጠረዡ የአባሏ ፊርማ ያስፈልገዋል። ሲስተር አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ሲል መናኸሪያ ድረስ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ይፈርማሉ።

«አያነቡትም?» አልኳቸው አንድ ቀን። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት እንዲያነቡት ፈልጌ ይሆናል።

«አንተ የጻፍከውን ነው የማነበው?» አሉኝ፤ አንጓዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝና ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ድልድዩ ተነሥተው ጠየቁ። በዓመቱ የሚሠሩ የእግር ድልድዮች ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ የእኛ የለበትም። አንድ ሹም ወረቀት አንሥቶ፣ «ይህ ጥያቄ ምላሽ ማግኘቱን የራስዎ አካባቢ ሪፖርት አድርጎልናል። የእርስዎም ፊርማ አለበት» አላቸው። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው።

ከባሕር ዳር ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጡ። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ተረከዙ ላይ ረግጠውታል። ተቀመጡ። የሰንጠረዡን ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ምልክቱ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ሁለት ነን» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጄን ስበው አንጓዬን ያዙ፤ ሰዓቷን አዩ፤ ረዘም አደረጉት። «ቸኩለሃል» አሉና ተነሡ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ማዶዎችም ወንዙ ሳይሞላ ብለው በብዛት መጥተዋል። እኔ ጥጌ ላይ ነኝ። ዛሬ ስሜን ይጠራሉ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ከሥራ መባረሩን ተቀብዬዋለሁ፤ ያስፈራኝ የጋሽ በላይ ዞሮ ማየት ነበር። ሲስተር የጉባኤውን ወረቀት አነበቡ፣ አጠፉት፣ ዛሬ ግን አልተቀመጡበትም። ቆመው ቀሩ። ደብተሩንም አልገለጡም።

«በላይ።»

«አቤት።»

«ድልድዩ ዘንድሮ ከሚሠሩት አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ዝርዝሩ ላይ ግን አልገባም። ያልገባው ከእኛ የሄደው ወረቀት ምላሽ አግኝቷል ስለሚል ነው። ወረቀቱ ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ሳላነብ ፈረምኩ። አዋጁንም ሳላነብ እጄን አውጥቼ ነበር፣ ነግሬያችኋለሁ፤ ያን ጊዜ መማር ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዛሬ ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ በላይ እንደቆሙ ነበሩ።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ ዝግ ብለው።

«የሚጠየቀው የፈረመ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። የጻፈውን ነው ያልኩ።»

«በላይ፣ ፈራሚዋ እኔ ነኝ» አሉ ሲስተር። ወደ እኔ አላዩም። ቆየት ብለው፣ አሁንም ሳያዩኝ፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ይህን ጻፈው። እንዳልኩት አድርገህ» አሉ።

ጻፍኩት። በእጄ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳላሳምር። በሕይወቴ እንደዚያ የጻፍኩት ያን ገጽ ብቻ ነው። በማግስቱ ግን ኃላፊው አነበበውና «ይህ አንቀጽ ይውጣ» አለኝ፤ አወጣሁት። የተላከው ቃለ ጉባኤ «አባሏ በመሠረተ ልማት ጥያቄዎች ላይ ማብራሪያ ሰጥተዋል» ነበር የሚለው። የእጅ ጽሑፉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሲስተርን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅሁም። እንዲህ ባለ ነገር ዛሬ ነገ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚጠራበት ጊዜ አልመጣም። አገሩ ሌላ ነገር ውስጥ ገባ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሲመጣ፣ ጽሕፈት ቤቱም ተበተነ። እኔ ሞጣ ገባሁ። ሲስተር ቢቸና ቀሩ። ስኳሩ ዐይናቸውን እንደያዘው ሰማሁ። እንደዚያም ሆነው የእርጉዝ ሴት አንጓ እየያዙ ይመክሩ ነበር አሉ፤ ሰዓቷን ማየት ስላቃታቸው ሌላ ሰው ነበር የሚያይላቸው። ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ መኪና የሚሄድባቸው ሳምንታት ነበሩ። አልሄድኩም።

እንግዲህ ያን ዕለት ከጋሽ በላይ ስልክ በኋላ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ፣ መናኸሪያ ገብቼ መኪና ጠየቅሁ። ወደ ቢቸና ዛሬ የሚሄድ የለም አሉኝ። ቀለል አለኝ። እንዲህ ማለት ደስ አይልም፤ ግን ቀለል አለኝ። ተመልሼ ሱቄ ተቀመጥኩና ጋሽ በላይ ጋ ደወልኩ።

«ወንዙስ?» አልኳቸው።

«ጭራሽ ባሰበት። ካህናቱ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ። ወዲህ ማርያም ልንቀብራቸው ነው።» ከኋላቸው የሚያለቅስ ሰው ይሰማል፤ ከለቅሶው በላይ ግን ውሃው ነው የሚሰማው። «ማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ያያል።»

መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም።

«ጋሽ በላይ፣ ያን ሰንጠረዥ ላይ ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን» አሉኝ።

«ሲስተር ነገሩዎት?»

«እሳቸውማ የት ይናገራሉ። ያን ቀን ጻፈው ሲሉህ እጅህ አልታዘዝ ብሎህ ነበር። አዳራሹ ሙሉ አይቶሃል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እሳቸው ለራሳቸው ወሰዱታ» አሉ። «ከእጃቸው ነጥቀን ላንተ ልንሰጥህ ነው?»

አፈርኩ። ከጧት ጀምሮ ምንም ያልተሰማኝ ሰው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው።

«ስማ፣ ሙሉቀን» አሉኝ። ስሜን ማወቃቸውንም አላውቅም ነበር። «ደብተራቸው እኔ ዘንድ ነው፤ አደራ ብለው ሰጥተውኛል። የእኔ ጥያቄ የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ፤ ፊት ለፊቱ ምንም አልተጻፈም። አንተ ደግሞ ማመልከቻ ትጽፋለህ አሉ። ጻፍልን።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ። ለሚመለከተው ነው የምትሉት እናንተ።»

ሬሳው ሊነሣ ነው አሉና ዘጉት።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» አልኩ፤ ጉዳዩ፣ የእግር ድልድይ። ከዚያ በታች የሆነውን በተራ በተራው ጻፍኩ፤ ነሐሴውን፣ ቃሬዛውን፣ የሲስተርን እጅ፣ ምልክቱን። ምልክቱን ማን እንዳደረገው ስሙን ጻፍኩ። ዛሬ ሬሳቸው ወደ እናታቸው መቃብር መሻገር እንዳልቻለም ጻፍኩ። ያን የእጅ ጽሑፍ ከመሳቢያዬ አወጣሁና አባሪ አንድ ገጽ ብዬ ኮፒ አደረግሁት። ቃለ ጉባኤ ያዥ የሚፈርምበት ቦታ ኖሮት አያውቅም፤ ማመልከቻ ግን አለው።

ሳላነብ አልፈርምም ብዬ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በሦስተኛው ፊደሉ አልለይ አለኝ፤ የገዛ አንጓዬን ይዤ ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ሲስተር መሞታቸው የገባኝ። ዐይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩና ፈረምኩ።